ለአበልጄ፣ ከወርዚንግተን፣ ሚኒሶታ

አበልጄ፣ እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ይቅር በለኝ። እናትህ ያረፉ ጊዜ ወዲያው መደወል ነበረብኝ፤ ነገ ነገ ስል አፈርኩና በዚያው ቀረሁ። ሌላውን ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ።

አሁን የጻፍኩልህ በክርስትና ልጅህ ምክንያት ነው። ቁመቱ እኔን አልፏል። ዘንድሮ ዓሣ ማጥመድ ይዞታል። የሚያጠምደው ግን በረዶ ላይ ቆሞ ነው።

ሐይቃችን ኦካቢና ይባላል። በአገሩ ነባር ሕዝብ በዳኮታዎች ቋንቋ ሽመላ ጎጆ የሚሠራበት ማለት ነው አሉ። እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈጠረው አይደለም፤ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ይህን አገር የሸፈነው ግግር በረዶ ሲቀልጥ ትቶት የሄደ ውሃ ነው። ገደል የለው፣ ተራራ የለው። በአንድ በኩል ከተማው፣ ከዚያ ወዲያ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ፣ ከዚያ ሰማይ። በብርዱ ወራት ውሃው ሜዳ ይሆንና ሰዉ ድንኳን ይዞ ይገባበታል። በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሱና ቀዳዳው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከማታ ሥራ ስመለስ መኪናዬን ዳር አቆምኩ። ልጁ ከጎረቤታችን ሽማግሌ ጋር መሐል ላይ ነበር። «አባዬ ና እይ» አለኝ። ሄድኩ። አዎ፣ እኔ ሄድኩ። ቀዳዳው የሽሮ ድስት ክዳን ያህላል፣ ውስጡ ጥቁር ውሃ። ማስመሪያ አስገብቶ ለካልኝ፤ 14 ኢንች፣ 35 ሴንቲ ማለት ነው። ለእግረኛ 4 ኢንች ይበቃል ይላል የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት። ያው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ በረዶ የሚባል የለም ይላል። ልጄ የመጀመሪያውን ያነባል፣ እኔ ሁለተኛውን።

ማስመሪያውን እያሳየኝ ሳለ በረዶው ጮኸ። ከእግራችን ሥር ተነስቶ እስከ ማዶ የሄደ ድምፅ፣ እንደ ነጎድጓድ። ሽማግሌው ሳቀ፤ ብርዱ ሲለዋወጥ በረዶው ይሰፋል፣ ይኮማተራል፣ ጤናማ ድምፅ ነው አለ። እኔ ግን ልጁን በኮቱ ይዤ እየጎተትኩ ዳር አወጣሁት። ጓደኞቹ እያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግረኝም።

አበልጄ፣ ይሄ ሐይቅ ጥልቀቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። የቢሾፍቱው ባቦጋያ 65 ነው። አውቃለሁ። ግን ያ ድምፅ ሲሰማኝ ኦካቢና ላይ አልነበርኩም። ያን ቀን ባቦጋያ ላይ የሰጠመውን ጓደኛችንን ጫማ ይዤ ዳር ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንተ ሦስቴ ጠልቀህ ነበር፤ እኔ ጉልበቴ እንኳ አልረጠበም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለልጁማ እንዴት ብዬ። እሱ የሚያውቀው አባቱ ውሃ እንደማይወድ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ልጀምርለት ብዬ፣ ስለ ትምህርት ቤት ጠይቄው ዝም አልኩ።

እንግዲህ... እንዴት እንደምልህ አላውቅም። አንተ ንገረው። ስለ እኔም ስለ ጓደኛችንም፣ ሳትቀንስ። አንተን ይሰማል፤ ክርስትና ያነሳኸው አንተ ነህ። አይሂድ በልልኝ እያልኩህ አይደለም። በረዶው ወፍራም ነው፣ ሽማግሌውም ሥራውን ያውቃል፤ ቢሄድ ይሂድ። ለምን እንደጎተትኩት ብቻ ይወቅ። አደራ፣ ፀጉርህ እየተንጠባጠበ ቤት ገብተህ ለእናትህ «ላብ ነው» ትል የነበረውን እንዳትነግረው፤ ያንን ከሰማ ከእንግዲህ አይመለስልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። እናንተ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ደውልለት፤ በእኔ ስልክ ሳይሆን በእሱ። ቁጥሩን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።