ለልጄ፣ ስለ ራይዝ ቦልና ስለ ሌሎቹ

ልጄ፣

ኳስ ስለ መምታትሽ ይህን በደብዳቤ የምጽፍልሽ መኪና ውስጥ ስነግርሽ ማዳመጫሽን ጆሮሽ ላይ ስለምትሰኪ ነው። ወረቀት ሲከፋሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሲሻልሽ ታነቢዋለሽ። የማይገባሽ ፊደል ካለ አያትሽን ጠይቂያቸው፤ ኳስ ከታች ተወርውሮ በዱላ የሚመታበት ሶፍትቦል ባይገባቸውም ፊደሉን አይስቱም።

ዘንድሮ ወደ 14 ዓመት በታች ምድብ ስታልፊ ወርዋሪዋ ከ40 ጫማ ወደ 43 ጫማ ራቀችልሽ። ላየው ሰው የቀለለልሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ምድብ ያሉት ልጆች ቁመትም ጉልበትም ጨምረዋል፤ ይባስ ብለው ኳሱን ማጣመም ተምረዋል። በሰዓት 55 ማይል የሚበር ኳስ ከእጇ ወጥቶ አንቺ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። መምቻ ዱላሽን፣ ባቱን፣ ለማዞር የሚፈጀው ጊዜ ከዚያ ላይ ሲቀነስ፣ ልምታ ወይስ ልተው ብለሽ ለመወሰን የሚተርፍሽ ከምንም አይቆጠርም።

ስለዚህ እኛ ወላጆች ከአጥሩ ማዶ ሆነን «ኳሱን እዪ!» እያልን የምንጮኸው ብዙም አይጠቅምሽም። ኳሱን ከየት ጀምረሽ ነው የምታዪው? ወርዋሪዋ ክንዷን ሙሉ ዙር አዙራ ኳሱን የምትለቀው ዳሌዋ አጠገብ ነው። ክንዷ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ዓይንሽ አብሮት ይወጣል፤ አገጭሽ ቀና ሲል ከመቀመጫዬ ሆኜ አየዋለሁ። ኳሱን ፍለጋ ዓይንሽን ስትመልሺ መንገዱ ተጋምሷል። ክንዷ እንደፈለገ ይዙር፣ አንቺ ዳሌዋ ጋ ጠብቂው።

ይህ የዓይን ልምድ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት የጄኒ ፊንችን ታሪክ ተመልከቺ። በ2004 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ኦሎምፒክ ለአሜሪካ ወርቅ ካስገኙት ወርዋሪዎች አንዷ ናት። በዚያው ዓመት በአንድ የሶፍትቦል ትዕይንት ላይ አልበርት ፑጆልስን የመሰለ የቤዝቦል መቺ ፊቷ ቆሞ ኳሱን ሳይነካ ተመለሰ። ሰውዬው ጉልበትም ችሎታም አልጎደለውም። ዓይኑ የለመደው ከትከሻ በላይ የሚወረወር ኳስ ነበርና ከዳሌ የሚወጣውን ማንበብ አልቻለም።

አሁን ወደሚያስለቅስሽ ወደ ራይዝ ቦል ልምጣ። ይህ ኳስ በእርግጥ ወደ ላይ እየታጠፈ አይወጣም። ወርዋሪዋ ወደ ኋላ እያሽከረከረች ትለቀዋለች፤ ሽክርክሪቱ ከአየሩ ጋር ተጋግዞ ደግፎ ይይዘዋል፤ በመሬት ስበት ብቻ መውረድ የነበረበትን ያህል ሳይወርድ ይደርሳል። ዓይንሽ ግን ይወርዳል ብሎ ይጠብቀዋል፣ በጠበቀው ቦታ ሲያጣው የተነሣ ይመስለዋል። ባትሽ ከሥሩ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ባለፈው ውድድር እናትሽ የቀረጸችውን ቪዲዮ እያቆምኩ አየሁት። ከሳትሻቸው ኳሶች አብዛኞቹ አንቺ ጋ ሲደርሱ አንገትሽ ቁመት ላይ ነበሩ። ስትራይክ ዞን፣ ሳትመቺ ብታሳልፊው ስትራይክ ተብሎ ጥፋት የሚቆጠርብሽ ቁመት፣ ከጉልበትሽ እስከ ብብትሽ ነው፤ እነዚያን ዝም ብለሽ ብታሳልፊያቸው ዳኛው «ቦል»፣ ከክልሉ ውጪ የተወረወረ፣ ብሎ ይቆጥርልሽ ነበር፣ አራት ሲሞላም ሳትመቺ በእግርሽ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ፣ ወደ አንደኛ ቤዝ፣ መሄድ ነው። ጥሩ ወርዋሪ ራይዝ ቦልን የምትጥለው መቺዋ እንድትመታው ብላ አይደለም፤ አሳድዳው እንድትስተው ነው። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድመሽ መተውን ተለማመጂ። ከእጇ ወጥቶ ቀበቶሽ ቁመት ላይ ካየሽው ደረትሽ አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ ይመታል። ገና ከመነሻው ደረትሽ ላይ ካየሽው ግን የትም አያደርስሽም። ሁለት ስትራይክ ሲኖርብሽ፣ አንድ ስህተት ብቻ ሲቀርሽ፣ እጅሽ እንደሚያሳክክሽ አውቃለሁ፤ ያኔም ቢሆን አንገትሽ ጋ የሚመጣውን አትንኪው።

የሚመታውን ለመምታት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች «ከላይ ወደ ታች ቁረጪው» ይሉሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወደ ታች የሚቆርጥ ባትና ወደ አንቺ የሚበር ኳስ የሚገናኙት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። እጆችሽ ከኳሱ ከፍ ብለው ይጀምሩ፣ የኋላ ትከሻሽ አይውደቅ፣ ባቱ በኳሱ መንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ። ቲውን፣ ኳሱ የሚቀመጥበትን ዘንግ፣ እስከ ብብትሽ ከፍ አድርገን እዚያ ላይ የምንደጋግመው ለዚሁ ነው፤ አሰልቺ መሆኑን አልክድም።

ድሮፕ ቦል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ፊት እየተሽከረከረ መጥቶ እግርሽ ሥር ይወድቃል። እዚህ ላይ ቀላል መድኃኒት አለሽ። መሬት ላይ በመስመር የተከለለው የምትቆሚበት ሳጥን ሰባት ጫማ ርዝመት አለው፣ አንቺ ግን ሁልጊዜ የኋላው መስመር ላይ ትቆሚያለሽ። ድሮፕ የምታበዛ ወርዋሪ ስትገጥምሽ ወደ ፊት ጠጋ ብትዪ ኳሱን መውደቁን ሳይጨርስ ታገኚዋለሽ። ፈጣን ኳስ ከወረወረችብሽ ጊዜው ያጥርብሻል፤ ስለዚህ ተራሽን ስትጠብቂ በፊትሽ ለነበሩት ልጆች ምን እንደወረወረች ቁጠሪ። ከጓደኞችሽ ጋር የምታወሪው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቼንጅአፕ ግን በብልሃት ይበልጥሻል እንጂ በጉልበት አይደለም። ክንዷ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል፣ ኳሱ ግን ቀስ ብሎ ይመጣል። አንዳንዶቹ በሚለቁበት ቅጽበት የእጃቸውን ጀርባ ወደ አንቺ ያሳያሉ፤ ዳሌዋን ከተመለከትሽ ይህን ታዪዋለሽ። ተታለሽ የፊት እግርሽን ብታሳርፊም ገና አላለቀም። እጆችሽ ከኋላ ከቆዩ ኳሱን ትጠብቂዋለሽ። ያንቺ ችግር እግርሽ ሲያርፍ እጆችሽ አብረው መሄዳቸው ነው፤ ክብደትሽ በሙሉ ፊተኛው ጉልበትሽ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርሽ ክንድ ብቻ ነው።

ስለ ዳኛው የተናገርሽውን ሰምቻለሁ። ያ የውጪኛው ኳስ ስትራይክ እንዳልነበረ እኔም አይቻለሁ። ግን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና ለሁለቱም ቡድን እንዲሁ ሲፈርድ ከዋለ፣ ለዚያን ቀን ስትራይክ ያ ነው፤ ወደ ፕሌቱ፣ አጠገብሽ መሬት ላይ ወዳለው ሰሌዳ፣ ተጠጊና ምቺው። ከሳትሽ በኋላም ወደ እኔ አትመልከቺ። እኔ ፊቴን መቆጣጠር አልችልበትም።

ለቅዳሜ አንድ ነገር አስቤያለሁ። የቡድናችሁ ወርዋሪዎች ሲያሟሙቁ ሄልሜትሽን አድርገሽ ሳጥኑ ውስጥ እንድትቆሚ አሰልጣኝሽን አስፈቅጂ። ባቱን ያዢ ግን አታወዛውዢ። ኳሱ ከእጇ ገና እንደወጣ «ራይዝ»፣ «ድሮፕ»፣ «ቼንጅ» እያልሽ ጮክ ብለሽ ጥሪ፤ ልክ መሆን አለመሆንሽን ከኋላሽ ሆና ኳሱን የምትቀልበው ያዢዋ ትነግርሻለች። ከዚያ በኋላ እኔ ከመረቡ ጀርባ ሆኜ በቅርብ እወረውርልሻለሁ፣ አንዱን በፍጥነት አንዱን በዝግታ፣ ሳላስጠነቅቅሽ። ከሰዓት በኋላ አያትሽን ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ስላለብኝ ጠዋት በጊዜ እንውጣ።

አባትሽ