«ይሄ ሥራ ጉልበት ይፈልጋል»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። የመጣው ለሥራ ነው፤ በረዳትነት ልጀምር ብሎ። የጋራዡ ባለቤት ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር አቀረቡለት፣ ሻይ አስመጡለት፣ ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ ሥራ ጉልበት ይፈልጋል» ብለው መርቀው ሸኙት። ይህን ሲሉ እኔ አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ የቪትዝ የፊት ፍሬን ሸራ እቀይራለሁ። ግራ እግሬን ገና በሦስት ዓመቴ የልጅነት ልምሻ ወስዶታል። እዚሁ ጋራዥ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። ባለቤቱ የእኔን እግር ማየት ካቆሙ ቆይተዋል መሰለኝ፤ የልጁን እጅ ግን አዩት።

«ጉልበት ይፈልጋል» የምትለዋን ነገር ከድሮ ጀምሮ አውቃታለሁ። 10ኛ ክፍል ጨርሼ አውቶ መካኒክ ልመዘገብ በሄድኩበት ማሠልጠኛ መዝጋቢዋ ከዘራዬን አይታ «ልብስ ስፌት አይሻልህም?» ብላኛለች። ልብስ ስፌት የተከበረ ሙያ ነው፤ እኔ የምወደው ግን ሞተር ነበር። ሙያውን የለመድኩት ጋራዥ ለጋራዥ እየዞርኩ፣ መጀመሪያ ዕቃ በናፍጣ በማጠብ ነው።

ለመሆኑ ጉልበቱ የት ላይ ነው? የኮሮላ የጎማ ብሎን ሲጠብቅ ወደ 100 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ይሆናል። 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ልፍታህ ብትለው 40 ኪሎ ያህል መጫን አለብህ፤ ከዛገ ደግሞ ከዚያም በላይ። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክተህ አንድ ሜትር ካደረስከው 10 ኪሎ ይበቃል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም፤ ጡንቻ ያለው ጎረምሳም ቱቦውን ይሰካል። እሱ ሲሰካ ብልሃት ይባላል፣ እኔ ስሰካ «ምን ያድርግ፣ አቅም የለውም» ይባላል።

በርጩማዬን ላስተዋውቃችሁ። ቁመቱ ከመሬት ሁለት ስንዝር አይሞላም። ከሥሩ አራት ኩሽኔታ አለው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ካሉት አሮጌ ዕቃዎች ለቅሜ ገዝቼ ብየዳ ቤት ያስበየድኩት ነው። ከመቀመጫው በታች ከወገቡ የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ታስሯል፤ ቡሶላዎቼ (ብሎን ላይ የሚሰኩ የመፍቻ ራሶች) እና ካቻቢቴዎቼ እዚያ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ መነሳትና መቀመጥ ቀረ። ከመኪና ሥር የምገባበት ጣውላም በዚያው በኩሽኔታ ይሄዳል። ልጆች ሆነን ቁልቁለት ላይ የተንሸራተትንበት ያው ኩሽኔታ ነው። አስፋልት ዳር መሬቱን በእጃቸው እየገፉ የሚሄዱ ሰዎች የሚቀመጡበትም ያው ነው፤ እኔን ከዚያ ወንድሜ የለየኝ አንድ ሳጥን መፍቻ ብቻ እንደሆነ አልረሳም። ኩሽኔታ አንድ ጠባይ አለው፤ ጠጠር ይጠላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ጎማ ስገጥም ጎማውን ተሸክሜ ወደ መኪናው አላነሳም፤ ተቀምጬ ጎማውን ከፊቱ አቆምና ቀዳዳዎቹ እስኪገጥሙ ድረስ ክሪኩን ቀስ እያልኩ መኪናውን ወደ ጎማው አወርዳለሁ። ጥቂት ከጎደለ ከጎማው ሥር የገባች ቁራጭ ፌሮ በመዳፍ ስትጫን ትጨርሰዋለች። ብሎን ጠባብ ቦታ ሲወድቅብኝ ከአሮጌ እስፒከር የወጣች ማግኔት በሬዲዮ አንቴና ጫፍ አስሬ አወጣለሁ። ጎንበስ ብዬ የማላየውን ስልኬ ቪዲዮ ይቀርጽልኛል። በርጩማውን ሲስቁበት የነበሩት ባልደረቦቼ ዛሬ ምሳ ልበላ ስነሳ ይሻሙበታል። 40 ዓመት ያለፈው መካኒክ ሁሉ ወገቡን የያዘው ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ወይም ድንጋይና ጉማጅ እንጨት ከተደገፈ መኪና ሥር አልገባም። ሌላው ሰው ክሪክ ሲንሸራተት ዘልሎ ይወጣ ይሆናል (እሱም ቢሆን አይመካ)፤ እኔ አልዘልም። ደንበኛ ቢቸኩልም የብረት ማቆሚያው አራቱም በቦታው ሳይቆም ጣውላዬ አይንቀሳቀስም።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። አንድ እጅ ላለው ሰው ሁለተኛው እጅ ሞርሳ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ዕቃ ነክሶ የሚይዘው ብረት። ዕቃውን ሞርሳ ይይዛል፣ እሱ ይፈታል። ብሎን ሲያስገባ ቡሶላው ውስጥ ትንሽ ግራሶ ቢቀባ ብሎኑ ተጣብቆ ይሄዳል፤ ሌላ ጣት አያስፈልገውም። በባትሪ የሚሠራው መፍቻ ድሮም የሚያዘው በአንድ እጅ ነው። የዛሬ መኪና ብልሽቱ መጀመሪያ የሚነበበው በኮምፒውተር ነው፤ እዚያ ላይ ክርን ማን ይጠይቃል? የማይቻል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። የአይሱዙ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ብቻዬን አላወርድም። ሁለት እግር ያለው ባልደረባዬም ብቻውን ሲያወርድ አይቼ አላውቅም።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ 17 ዓመት አልፎታል። አዋጁ ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ የማመቻቸት ኃላፊነትን በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ማመቻቸት ሲልም የሥራ መሣሪያን፣ የሥራ ሰዓትንና አካባቢን ጭምር ማስተካከል ማለቱ ነው። በአሠሪው ላይ ከባድ ወጪ ወይም ችግር የሚያመጣ ከሆነ ግን አያስገድድም። አራት ኩሽኔታና የብየዳ ዋጋ ከባድ ወጪ ነው የሚል የጋራዥ ባለቤት ካለ ሒሳቡን ያሳየኝ።

የጋራዥ ባለቤቶችን የምለምነው አካል ጉዳተኛ ሥራ ሊጠይቅ ሲመጣ «ይችላል ወይስ አይችልም» ብለው በዓይን ከመመዘናቸው በፊት አንድ ሳምንት ያሠሩት፣ የጎደለውንም ዕቃ እሱን ራሱን ይጠይቁት። ማሠልጠኛዎች ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል አንድ የሥራ ጠረጴዛ ያስገቡ፤ መዝጋቢዎቻቸውም ከዘራ ሲያዩ ስፌት አያስታውሱ።

ልጁ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ትቶልኝ ሄዷል፤ የመሣሪያ ሳጥኔ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለቤቱን ትናንት አናገርኳቸው፤ «እስቲ እናያለን» አሉኝ፣ ከእሳቸው አፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ ሞርሳ አይቻለሁ፣ ጥርሱ ትንሽ ተበልቷል። ዋጋው ላይ አልተስማማንም። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋራዥ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ