ስለ ልጅህ የጂኦሎጂ ትምህርት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከዚያ ሁሉ ዓመት ዝምታ በኋላ ሲደርሰኝ ደጋግሜ አነበብሁት። ስንለያይ ገና ድክ ድክ ትል የነበረችው ልጅህ ሁለተኛ ደረጃ ገብታ፣ ከምርጫ ትምህርቶቹ መካከል ጂኦሎጂን ትውሰድ ወይስ ትተወው ብለህ ምክር ጠይቀኸኛል። እርሷ ራሷ «የድንጋይ ስም መሸምደድ ነው» ማለቷንም ጽፈህልኛል፤ ይህንን ትምህርት ሳስተምር የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ መልሴን ከዚሁ ነቀፋዋ ልጀምር።

ነቀፋዋ ከነጭራሹ ሐሰት አይደለም። መምህሩ የማዕድናትን ስም በሰሌዳ ላይ ደርድሮ በፈተና ቀን መልሶ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጂኦሎጂን የሚያህል ደረቅ ትምህርት አይገኝም። ድንጋዩ በእጅ ሲያዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለጀማሪዎች ዘወትር የምሰጣቸው ሁለት ነጫጭ ድንጋዮችን ነው፤ አንዱ ኳርትዝ፣ ሌላው ካልሳይት ሲሆን፣ በዓይን ብቻ የሚለያቸው ተማሪ እምብዛም አይገኝም። ኳርትዙ መስታወት ይጭራል፤ ካልሳይቱ ግን መስታወት መጫር ቀርቶ እርሱ ራሱ በብረት ምስማር ይጫራል፤ ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ የፊተኛው 7፣ የኋለኛው 3 ነውና። በውኃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ካልሳይቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ አረፋ ይደፍቃል፤ ኳርትዙ ምንም አይሆንም። ሲሰበሩም ካልሳይቱ በሦስት አቅጣጫ ለስላሳ ገጽ እያወጣ ይሰነጠቃል፤ ኳርትዙ ግን እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ይሰበራል። ስሙ የሚነገራቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እንዲህ ሆኖ የመጣ ስም ደግሞ መሸምደድ አያሻውም።

ቀጥሎ ግራናይትና ራዮላይት ይመጣሉ። የሁለቱ ኬሚካዊ ይዘት ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ የግራናይቱ ክሪስታሎች በዓይን ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ የራዮላይቱ ግን አብዛኞቹ ያለ ማጉያ አይታዩም። ግራናይት በምድር ውስጥ በጥልቀት ሆኖ በብዙ ሺህ ዓመታት ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ የሚያድጉበት ጊዜ ያገኛሉ፤ ራዮላይት ግን የቀለጠው ድንጋይ ወደ ምድር ገጽ ወጥቶ ፈጥኖ የረጋ ነው። ተማሪው የቅንጣቱን መጠን አይቶ ድንጋዩ የት እንደ ነበረ ይናገራል ማለት ነው።

ከሁሉ አስበልጬ እንድትማረው የምመኘው ግን የጊዜን ነገር ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ኒኮላስ ስቴኖ በ1669 ደለል ሲነጠፍ አግድም እንደሚነጠፍ፣ የታችኛውም ንብርብር ከላይኛው እንደሚቀድም ጻፈ። ማንም በቀላሉ የሚቀበለው ሐሳብ ይመስላል። ስኮትላንዳዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጄምስ ሃተን በ1788 በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ሲካር ፖይንት ወደሚባለው ስፍራ በጀልባ ደርሶ ያየው ግን ይህንን ቀላል ሐሳብ ወዳልታሰበ መደምደሚያ ወሰደው። በዚያ የታችኞቹ ግራጫ ንብርብሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በጫፎቻቸው ላይ ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ጋደም ብሎ ተነጥፏል። ልጅህ የዚህን ስፍራ ፎቶግራፍ ከፊቷ አድርጋ ነገሩን በቅደም ተከተል ታስበው፤ ግራጫው ደለል በባሕር ወለል መነጠፍ፣ መጠጠር፣ መታጠፍ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ከዚያም ከባሕር ወጥቶ መሸርሸር ነበረበት፤ ቀዩ አሸዋ የመጣው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ እርሱም በተራው ድንጋይ እስኪሆንና ዘመም እስኪል ሌላ ዘመን አለፈ። ዛሬ የታችኛው ዕድሜ 435 ሚሊዮን፣ የላይኛው 370 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ታውቋል። ሃተን ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም አልነበረውም፤ ዘመኑ እጅግ ረጅም መሆኑን የተረዳው ከድንጋዮቹ አቀማመጥ ነው። የምድርን ዕድሜ ክሌር ፓተርሰን የተባለው ሳይንቲስት ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ (ሜትሮራይት) ውስጥ ያሉትን የእርሳስ አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩ የእርሳስ አተሞችን፣ ለክቶ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ያወጣው በ1956 ነበር። በቤተ ሙከራ ሊደገም የማይችልን ድርጊት ከተወው ምልክት ተነሥቶ ማስረዳትን እንዲህ የሚያለማምድ ሌላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አላውቅም፤ ታሪክ ይቀርበዋል ብትለኝ አልከራከርህም።

ሒሳብ ትወዳለች ብለሃልና የመሬት መንቀጥቀጡ ልምምድ ይስማማታል። መንቀጥቀጥ ሲነሣ ፈጣኑ ሞገድ ቀድሞ፣ ዘገምተኛው ተከትሎ ከመለኪያ ጣቢያው ይደርሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያመለክታልና፣ ልዩነቱ 30 ሴኮንድ ቢሆን መንቀጥቀጡ የተነሣው ከ240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን ስለማይነግር፣ ተማሪዋ በካርታ ላይ በሦስት ጣቢያዎች ዙሪያ በኮምፓስ ሦስት ክቦች ትሠራለች። ክቦቹ በአንዲት ነጥብ መገናኘታቸው ቀርቶ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሲተዉ፣ ትጉሁ ተማሪ ሁሉ ላጲስ ያነሣል። እኔ ማጥፋቱን እከለክላለሁ፤ ያቺ ሦስት ማዕዘን የልኬታችን ስሕተት ምን ያህል እንደ ሆነ የምታሳይ ናትና። የዴንማርኳ ሳይንቲስት ኢንገ ሌማን የምድርን ውስጠኛ እምብርት በ1936 ያገኘችው ከእንዲህ ያሉ የሞገድ መዝገቦች ነው።

ለልጅህ የባሕር ወለል ካርታ የነደፈችውን የማሪ ታርፕንም ነገር ንገራት። ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ሲል፣ የሚያንቀሳቅሳቸውን ኃይል ማሳየት ስላልቻለ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ታርፕ ደግሞ በ1950ዎቹ፣ ሴት በመሆኗ በምርምር መርከቦቹ ላይ እንዳትሳፈር ተከልክላ ሳለ፣ ሌሎች የለኩትን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጥልቀት በወረቀት ላይ ስትነድፍ በውቅያኖሱ መካከል ባለው ሰንሰለታማ ተራራ አናት ላይ ስምጥ ሸለቆ አየች፤ ይህም የባሕሩ ወለል በዚያ እየተከፈለ መሆኑን፣ የቬገነርም ሐሳብ ከንቱ አለመሆኑን የሚጠቁም ነበር። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ አጣጣለው፤ የመንቀጥቀጦቹ መነሻዎች በካርታ ላይ ሲሰፍሩ በዚያው ሸለቆ ተሰልፈው ሲገኙ ግን የሚያከራክር ነገር አልቀረም።

ስለዚህ ትውሰደው እላለሁ፤ ሆኖም አስቀድማ ተማሪዎቹ ድንጋይ በእጃቸው ይዘው ይፈትኑ እንደ ሆነ፣ ካርታ ይሠሩ እንደ ሆነ፣ ወደ መስክም ይወጡ እንደ ሆነ ትጠይቅ። መልሱ በሦስቱም «የለም» ከሆነ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ላይ ትበርታ፤ ጂኦሎጂ ኋላ በዩኒቨርሲቲ ቢጀመርም አይረፍድበትም፣ ያለ እነዚያ ግን ሩቅ አያስኬድም። የትምህርቱን ዝርዝር ካገኘህ ላክልኝና አብረን እንየው።

ባለቤትህንና ልጆችህን ሰላም በልልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ