የሙዚቃ ክበባችን ስለሚያቀርበው የሮክና የድምፅ አልባ ፊልም ምሽት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሙዚቃ ክበቡ ዝግጅት ላይ ለቀረቡ ቅሬታዎች የተሰጠ መልስ

ውድ ወላጆች፤

ከሰሞኑ ቢሮዬ የደረሱት ቅሬታዎች በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራሉ። አንደኛው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከሙዚቃ ክፍሉ የሚወጣው ድምፅ ነው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፦ “ልጆቻችን የታላላቅ ሰዎችን ሙዚቃ በኤሌክትሪክ ጊታር ማበላሸታቸው ሳያንስ፣ መቶ ዓመት በሞላው ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ደርበው ሊያቀርቡት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ይህን እንዴት ፈቀደ?” የሚል ነው። ዝግጅቱ ይሰረዛል ብላችሁ የጠበቃችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አይሰረዝም። ምክንያቱን ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመነሻው ላስረዳ።

ዝግጅቱ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል የክበቡ ባንድ የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሞደስት ሙሶርግስኪን “ሥዕሎች በዐውደ ርእይ” በራሱ ቅንብር ይጫወታል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ አሜሪካዊው የአስቂኝ ፊልም ተዋናይና ዳይሬክተር በስተር ኪተን በ1924 የሠራውን “ሼርሎክ ጁኒየር” የተባለ አስቂኝ ድምፅ አልባ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀጥታ ያጅባል። (በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“ማበላሸት” ከሚለው ልጀምር። ሙሶርግስኪ ይህን ሥራ የጻፈው በ1874 ነው። የቅርብ ወዳጁ የነበረው አርክቴክትና ሠዓሊ ቪክቶር ሃርትማን ከአንድ ዓመት በፊት ሞቶ ስለ ነበር፣ የሟቹ ሥራዎች በሴንት ፒተርስበርግ ለእይታ ሲቀርቡ ሙሶርግስኪ ሄዶ አያቸው፤ ከሥዕል ወደ ሥዕል የሚዘዋወር ሰው እርምጃና ሥዕሎቹ ራሳቸው ሙዚቃ ሆኑ። የጻፈው ግን ለአንድ ፒያኖ ብቻ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ትልቁ የኦርኬስትራ ቅንብር ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል በ1922 የሠራው ነው። በ1971 ደግሞ ኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በኒውካስል ከተማ አዳራሽ በኦርጋን፣ በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር መሣሪያ)፣ በቤዝ ጊታርና በድራም ተጫውቶ በአልበም አወጣው። መሣሪያ መቀየር ማበላሸት ከሆነ የመጀመሪያው ተከሳሽ ራቬል ነው። እርሱን የከሰሰ ወላጅ እስካሁን ቢሮዬ አልመጣም።

ልጆቹ ሥራውን እንዴት እንደያዙት ለማየት አንድ ክፍል ብቻ ልውሰድ። በሬ የሚጎትተውን ከባድ ጋሪ የሚያሳይ ክፍል አለ። በሙሶርግስኪ የእጅ ጽሑፍ ላይ ሙዚቃው ከመጀመሪያዋ ኖታ ጀምሮ በኃይል ይነሣል፤ ጋሪው ድንገት ፊታችሁ ተደቅኗል ማለት ነው። ደራሲው ከሞተ በኋላ ሥራውን በ1886 ለኅትመት ያበቃው ወዳጁ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ግን ይህን ለወጠው፤ ሙዚቃው በለሆሳስ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲያድግ አደረገ፤ ጋሪው ከሩቅ መጥቶ የሚያልፍ ሆነ። ራቬልም የሠራው ከዚህ ኅትመት ተነሥቶ ነው። ልጆቻችን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ካዳመጡ በኋላ ሙግት ገጠሙ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ደራሲው ራሱ የጻፈው ይከበር አለች፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ አድማጭ ጋሪው ሲቃረብ መስማት አለበት ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ የእጅ ጽሑፉ አሸነፈ። እኔ የሪምስኪ ኮርሳኮቭን ብመርጥም ድምፅ የመስጠት መብት እንደሌለኝ በትሕትና ተነግሮኛል። ክላሲካል ሙዚቃን ይንቃሉ የተባሉት ልጆች በአንድ የሙዚቃ ደራሲ የእጅ ጽሑፍ ላይ እስኪመሽ ሲሟገቱ አይቻለሁና፣ ንቀት የሚባለው የቱ እንደሆነ አልገባኝም።

የእርምጃው ዜማ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። አንዱ መስመር በአምስት ምት፣ ቀጣዩ በስድስት ምት እየተፈራረቀ ይሄዳል። በአራት መቁጠር የለመደ የሮክ ድራም ተጫዋች እዚያ ላይ መደናቀፉ አይቀርም። የእኛው ልጅ ጮክ ብሎ እየቆጠረ፣ ጠረጴዛ በጣቱ እየመታ፣ ሌሎቹን እያስቆመ ነው የተማረው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይህን ያህል ትዕግሥት አሳይቶ አያውቅም፤ የሒሳብ መምህሩም ይህን ሰምተው ቅር ብሏቸዋል።

እንዲህ ያለውን መንገድ የቀየሱት የእኛ ልጆች አይደሉም። በ1980 በአሜሪካ ቦስተን የተመሠረተው በርድሶንግስ ኦቭ ዘ ሜሶዞይክ የተባለ ባንድ ፒያኖን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋሕዶ የሚጫወት፣ ሮክ ይሁን የክላሲካል ቡድን ለመለየት የሚያስቸግር ነው። በ1984 ባወጣው አልበም ላይ የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የስትራቪንስኪን “የጸደይ ሥርዐት” በከፊል በራሱ መንገድ ተጫውቷል። ይህ የስትራቪንስኪ ሥራ ራሱ በግንቦት 1913 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ታውኮ እንደ ነበር አትርሱ፤ ዛሬ ግን የተከበረ ክላሲካል ሙዚቃ ነው። ከባንዱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሮጀር ሚለር ኋላ ላይ አሎይ ኦርኬስትራ ከተባለ ቡድን ጋር ሠርቷል፤ ይህ ቡድን ደግሞ ከወዳደቀ ብረታ ብረት ሳይቀር ድምፅ እያወጣ ድምፅ አልባ ፊልሞችን በማጀብ የታወቀ ነበር። በፈረንሳይም አር ዞይድ የተባለው ባንድ “ኖስፌራቱ”ን እና “ፋውስት”ን ለመሳሰሉ ፊልሞች ማጀቢያ ሙዚቃ ሠርቷል።

ድምፅ አልባ ፊልም ሲባል በዝምታ የሚታይ ፊልም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አልነበረም። ተዋንያኑ አይሰሙም እንጂ አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ ነበር፤ በትንሹ አዳራሽ አንድ ፒያኖ፣ በትልቁ ሙሉ ኦርኬስትራ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ካሚል ሴን ሳንስ ገና በ1908 ለአንድ የፈረንሳይ ፊልም ሙዚቃ ጽፏል። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሾስታኮቪች በወጣትነቱ ኑሮውን ለመደጎም በሲኒማ ቤት ፒያኖ ይመታ ነበር። ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈ ሙዚቃ ከሌለ ተጫዋቾቹ ከቤትሆቨን፣ ከሮሲኒና ከግሪግ እየቆረጡ ይቀጥሉ ነበር፤ ለሩጫው አንዱን፣ ለሐዘኑ ሌላውን፣ ለማዕበሉ ሦስተኛውን። እንግዲህ ክላሲካል ሙዚቃን ቆርጦ ለፊልም ማዋል የዛሬ ልጆች ድፍረት ሳይሆን ሲኒማው ራሱ ያደገበት ልማድ ነው። ሮኩም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ሙዚቀኛው ጆርጆ ሞሮደር በ1984 የፍሪትስ ላንግን “ሜትሮፖሊስ” የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም በሮክና በፖፕ ሙዚቃ አጅቦ አውጥቶታል። ውጤቱን ሁሉም አልወደደውም፤ እኔም ከማይወዱት አንዱ ነኝ።

ፊልሙን በመምረጥ ረገድ ከልጆቹ ጋር አልተስማማንም ነበር። እነርሱ የፈለጉት ጀርመናዊው የፊልም ዳይሬክተር ሙርናው በ1922 የሠራውን “ኖስፌራቱ” ነው። ደም መጣጩን መስፍን የሚያሳየው ይህ ፊልም ታሪኩ ራሱ ፊልም ይወጣዋል፦ የብራም ስቶከርን “ድራኩላ” የተባለ ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ ስለ ተጠቀመ የደራሲው ባለቤት ከሰሱ፣ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አዘዘ፤ ጥቂት ቅጂዎች አምልጠው ነው እስከ ዛሬ የቆየው። ይህን ሁሉ ዘርዝረው አስረዱኝ፤ በጥሩ ሁኔታ አስረዱኝ። ይሁን እንጂ በአዳራሹ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችም ስለሚኖሩ አልፈቀድኩም። አንዳንዶቹ አሁንም አኩርፈውኛል። ለከፍተኛ ክፍሎች ብቻ በሌላ ጊዜ ሊያቀርቡት ይችላሉ፤ ያኔ ፈቃዳችሁን በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

“ሼርሎክ ጁኒየር” 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ኪተን የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነው፤ በሥራው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በሕልሙ ከወንበሩ ተነሥቶ በሸራው ላይ ወደሚታየው ፊልም ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ከዚያ ሸራው ይጫወትበታል። አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ስፍራው መኪና የሚርመሰመስበት መንገድ ይሆንና ይወድቃል። ሲራመድ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ወደ ታች ሲመለከት በአንበሶች መካከል ቆሟል። ወደ ባሕር ሲወረወር በረዶ ውስጥ ይሰካል። ሰውየው አንድ ነው፣ እንቅስቃሴውም አይቋረጥም፤ ዓለሙ ብቻ ይለዋወጣል። ይህን ያለ ኮምፒውተር፣ በካሜራና በልክ መለኪያ ብቻ ሠርተውታል።

ባንዱ በዚህ ትዕይንት ላይ ብዙ ደክሟል። መጀመሪያ ስፍራው በተቀየረ ቁጥር ድራሙ ይመታ ነበር። ለሙከራ የተጋበዙት ተማሪዎች አልሳቁም፤ ድራሙ ውድቀቱን ቀድሞ ስለሚያሳብቅባቸው የሚያስቀው ነገር ጠፋ። ቀጥለው ለየስፍራው የተለየ ሙዚቃ ሞከሩ፤ ይህም ፊልሙን ቆራርጦ በተነው። በመጨረሻ ከሙሶርግስኪ የእርምጃውን ዜማ አምጥተው፣ ያንኑ አምስትና ስድስት ምት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለውጡ በዝግታ አስኬዱት። መንገዱም ገደሉም በረዶውም ይፈራረቃሉ፣ ዜማው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይራመዳል፤ ልክ ምንም ቢደርስበት ስሜት እንደማይታይበት የኪተን ፊት። ተማሪዎቹ በዚህኛው በሳቅ ፈረሱ። የዝግጅቱ ሁለት ክፍሎች ለምን አንድ ላይ እንደሆኑ ለጠየቃችሁኝ ወላጆች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሌላው ሙዚቃው ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት ቦታ ነው። ኪተን በባቡር ጣሪያ ላይ ሮጦ የውሃ ማማውን ገመድ ሲይዝ ውሃው በኃይል ወርዶበት ሐዲዱ ላይ ይጥለዋል። በዚያ ቀረጻ የአንገቱ አጥንት ተሰንጥቆ ኖሮ ያወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ምርመራ ነው። ልጆቹ ይህን ካነበቡ በኋላ በዚያ ትዕይንት ላይ ምንም ላለመጫወት ወሰኑ። (ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ቤት ስትደርሱ ከፍ ያለ ነገር ላይ እንዳይወጡ ተከታተሏቸው።)

አንድ ሥራ የሚያስተጓጉል ጉዳይም ስላለ ልንገራችሁ። የዚያ ዘመን ፊልሞች በሴኮንድ ከ16 እስከ 24 ምስሎች ባለው የተለያየ ፍጥነት ስለሚታዩ፣ የአንድ ፊልም ሁለት ቅጂዎች ርዝመት ላይመሳሰል ይችላል። ልምምዱ የተደረገበት ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከክበቡ አስተባባሪ መምህር ጋር ይገኛል። “የተሻለ ጥራት ያለው አግኝተናል” ብላችሁ ሌላ ቅጂ ለመላክ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ስለ ቅንነታችሁ አመሰግናለሁ፤ እባካችሁ አትላኩ።

አሁን ወደ ጩኸቱ። በዚህ ጉዳይ ቅሬታችሁ ተገቢ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለአዋቂ ሠራተኞች ባወጣው ምክር መሠረት 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ድምፅ ለ8 ሰዓት ቢሰማ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ድራምና ሁለት ድምፅ ማጉያ ወደዚያ ለመድረስ አይቸገሩም። ስለዚህ ልምምዱ ከጠባቡ ክፍል ወደ አዳራሹ ተዛውሯል፤ የባንዱ አባላት በሙሉ የጆሮ መሰኪያ ያደርጋሉ፤ የማጉያዎቹን መጠን የሚወስነው አስተባባሪው መምህር እንጂ ጊታር ተጫዋቹ አይደለም። በየመካከሉም ከድምፅ ርቀው የሚያርፉበት ጊዜ ተመድቧል። ልጃችሁ ከልምምድ በኋላ ጆሮዬን ይጮህብኛል ቢላችሁ ወዲያውኑ አሳውቁን፤ እስኪታከም ድረስ ከልምምድ ይቆያል።

በፈተና ሳምንት ልምምድ አይኖርም። ውጤቱ የቀነሰ ተማሪ ከባንዱ ይውጣ የሚለውን ሐሳብ ግን አልተቀበልኩትም። ባንዱ አንድ ሰው ሲጎድለው የሚቆም ስለሆነ ቅጣቱ ጥፋት በሌለባቸው ላይ ያርፋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ከልጁ ወላጅ ጋር ተገናኝተን የጥናት ሰዓቱን እናስተካክላለን።

በዕለቱ የአዳራሹ በር ፊልሙ ሲጀምር ይዘጋል፤ ባንዱ 45 ደቂቃውን ያለ ዕረፍት ስለሚጫወትና መድረኩ በጨለማ ውስጥ ስለሚሆን መግባትና መውጣት ያስቸግራል። ከሸራው ጋር ስለሚሻሙ የስልክ መብራቶች ይጥፉ። ለሕፃናት የሚሆኑ የጆሮ መሰኪያዎች በር ላይ ይታደላሉ። የፊልሙ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ አማርኛ መልሰዋቸዋል፤ ከሸራው ግርጌ ይነበባሉ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም ተቃውሞ ያላችሁ ወላጆች ከዝግጅቱ በፊት በሚደረገው የመጨረሻ ልምምድ ላይ እንድትገኙ እጋብዛለሁ። ጥያቄያችሁን ለእኔ ሳይሆን ለልጆቹ አቅርቡላቸው። የጋሪውን ነገር ካነሣችሁባቸው ግን ቶሎ ወደ ቤት እንደማትመለሱ ከወዲሁ እወቁ።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር