የፋሲካ ቆዳችሁን አትጣሉት

ባለፈው ነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሳያባራ አደረ። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤቱን ሲከፍቱ ጣሪያው አፍስሷል። ውኃው ደግሞ ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል የወረደው ኦሪቱ ላይ ነው።

ብራና ሲርስ ምን እንደሚሆን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ይኮማተራል። ጠርዙ ይጠቀለላል። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እኛም በቅንነት ሌላ ጥፋት ጨመርን፤ መጽሐፉን አውጥተን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ለካ የባሰው እሱ ኖሯል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ቀስ እያለ ነበር መድረቅ የነበረበት። ይህን የነገሩን የኔታ ናቸው፤ እሳቸውም የደረሱት መጽሐፉ ከተቆለመመ በኋላ ነው።

የደብሩን ስም እዚህ አልጽፍም። የብራና መጽሐፍ ሌባ አያጣም። የሰፈሩ ሰው ግን የትኛው ደብር እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው መስመር ገብቶታል።

ዕቃ ቤታችን ውስጥ 41 የብራና መጻሕፍት አሉ። ወንጌል፣ ዳዊት፣ ኦሪት፣ ግጻዌ፣ ተአምር። ሰበካ ጉባኤው ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ለመቀየርና መጻሕፍቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በመደርደሪያ ለማስቀመጥ ወስኗል። መሬት ላይ ምስጥ አለ፣ አይጥ አለ። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አስበናል፤ እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝም እሱ ነው። ከዕቃ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ሁለት የአብነት ተማሪዎች ብራና መፋቅና ቁም ጽሕፈት ይማራሉ። የሚያስተምሩ አባት አግኝተናል።

አንድ ወጣት «መጽሐፍ ቅዱስ በየሱቁ አለ፣ ስልኬም ላይ አለ። ለአሮጌ ቆዳ ለምን ብር እናወጣለን?» አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ ጥያቄው ጥሩ ነው።

መልሴ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት 81 ናቸው፤ 46 ብሉይ፣ 35 ሐዲስ። ሄኖክና ኩፋሌ ከብሉይ ይቆጠራሉ። ሄኖክን ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ስሙን ጠርቶ ጠቅሶታል። ድሮ ብዙ ክርስቲያኖች ያነቡት ነበር። ኋላ ግን በሌላው ዓለም መገልበጡ ቀረ፤ መጽሐፉም ቁርጥራጩ ብቻ ተረፈ። ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ነው።

ታሪኩ ደግሞ በእኛው ከተማ ያልፋል። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት ቁስቋም አካባቢ ተቀመጠ። በ1773 አውሮፓ ሲመለስ የሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ነበር። በ1821 መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ታተመ። በሙት ባሕር አጠገብ የቁምራን ዋሻዎች ከ1947 ጀምሮ ሲከፈቱ በአረማይክ የተጻፉ የሄኖክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ምሁራን ቁርጥራጩን የሚያስተያዩት ከግዕዙ ጋር ነው፤ ሙሉ ሆኖ የተረፈው እሱ ነዋ። ኩፋሌም እንደዚሁ ነው።

እንዴት ተረፈ? ብራናም እኮ ያረጃል። ባረጀ ቁጥር አንድ ሰው መቃ ብዕሩን ይዞ ጉልበቱ ላይ ገልብጦታል። ያ ሰው ሲሞት ደግሞ ተማሪው ገልብጦታል። ስማቸውን አናውቅም። ይህ ሰንሰለት አንድ ትውልድ ላይ ቢበጠስ ኖሮ ብሩስ የሚያነሳው ነገር አያገኝም ነበር። ለዚህ ነው መደርደሪያ ብቻ አይበቃም የምለው። የተቆለፈበት መጽሐፍ ጊዜ ይገዛል እንጂ ቅጂ አይወልድም።

ጎንደር በመጽሐፍ በኩል ያየችውን መከራ ብዙ ሰው ያውቀዋል። አጼ ቴዎድሮስ ከአብያተ ክርስቲያናቷ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ገቡ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዷቸው ወደ 350 የሚጠጉ መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ መጣ፤ ከተማዋንም አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኗት ይላሉ አባቶች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ንባቡና ትርጓሜው አልጠፋም። ምክንያቱም መጽሐፉ ቆዳ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሰው አፍም ላይ ነበር። የኔታ ከመጽሐፉ ምዕራፍ አንዲት ቃል ያነሱና «አንድም» ይላሉ፤ አንድ ፍቺ ይሰጣሉ። እንደገና «አንድም» ይላሉ። ተማሪው ያን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። የታች ቤት የሚባለው የትርጓሜ ወግ የበቀለው እዚሁ ጎንደር ነው፤ የመምህር ኤስድሮስ ስም ከሱ ጋር ይነሳል። እኔ እዚያ አልደረስኩም። ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት ደግሜ ወደ አስኳላ ሸሸሁ። ቢሆንም ዛሬም ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ የሚመጣልኝ በዚያ ዕድሜ ያጠናሁት ዳዊት ነው።

አሁን ወደ ቆዳው። ፋሲካ ሲመጣ በየሰፈሩ የፍየልና የበግ ቆዳ መንገድ ላይ ተጥሎ እናያለን። ዋጋ የለውም ተብሎ ነው። ለእኛ ግን ዋጋ አለው። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በእንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል። ሥጋው ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ በድንጋይ ይታሻል። ከዚያ በወስፌ መስመር ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ነው። ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። አንድ ቆዳ የሚሰጠው ጥቂት ቅጠል ብቻ ስለሆነ ብዙ እንፈልጋለን።

አደራ የምለው፣ አራጁን «ቢላ አታስነካው» በሉት። የተበሳ ቆዳ ሲወጠር ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ስታመጡትም ሳይውል ሳያድር ይሁን፤ ከሸተተ ጎረቤት ያስወጣናል።

ገንዘብ የምትሰጡ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤ ቢሮ ኑ። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ውጭ አገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች በቤተሰባችሁ በኩል ላኩ። በቴሌግራም የግል የሒሳብ ቁጥር እየላከ «ለብራናው ነው» የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ገንዘብ የሌለው አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ኪሎ ሚስማር፣ የግማሽ ቀን ጉልበት ይስጥ። ዕድሮችና የጽዋ ማኅበራትም ብትነጋገሩበት ደስ ይለናል። ወጪውን በየወሩ መጨረሻ እሑድ ዐውደ ምሕረት ላይ እናነባለን፤ ያልገባው እዚያው ይጠይቅ።

ከመጻሕፍታችን ባንዱ መጨረሻ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን» ተብሎ ተጽፏል። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። የድሮው ቁልፍ ግዝት ነበር። እኛ ግዝቱን እንዳለ ትተን የብረት በር እንጨምርበታለን።

ጣሪያው ከሰኔ ሚካኤል በፊት መከደን አለበት። የምናፈርሰው ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ረጅም መሰላል ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ የደብሩ መሰላል ሁለት ርካቡ ተሰብሯል።