የጓሮ ዶሮ ክትባት ከጾም መግቢያ ጋር ይሁን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የ45 ቀን ጫጩት ተቀብለው ዶሮ ማርባት የጀመሩ ቤተሰቦች በርክተዋል። በየስብሰባው የሚነገረው ግን ስንት ጫጩት እንደ ተሠራጨ ነው፤ ከተሠራጩት መካከል ስንቶቹ ክረምቱን ተሻግረው እንቁላል ለመጣል እንደ በቁ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሽምብጥ አካባቢ ዶሮ ሳረባ በኖርኩበት ዘመን ያየሁትን መነሻ አድርጌ ነው። የጓሮ ዶሮአችንን ከሁሉ በላይ የሚፈጀው ፈንግል መሆኑን፣ ፈንግልንም መመከት የሚቻለው እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ሲፍጨረጨር ሳይሆን ሰፈር በአንድነት ቀን ቆርጦ ሲያስከትብ መሆኑን በጋዜጣችሁ በኩል ለነዋሪውም ለሚመለከታቸው ባለሙያዎችም ማሳሰብ እፈልጋለሁ።

ፈንግል የገባበትን ግቢ ያየ ሰው አይረሳውም። ማታ ደኅና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥግ ይዛ ትገኛለች። አረንጓዴ ውኃ የመሰለ ኩስ ትጥላለች፤ አፏን ከፍታ እየተንጠራራች ትተነፍሳለች። ሁለት ሦስት ቀን የቆየች እንደ ሆነ አንገቷ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይጠማዘዝና ጥሬ ልልቀም ብላ ስታጎነብስ ጥሬውን ስታ መሬቱን ትነክሳለች። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ባዶ ይሆናል። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፌጦውም፣ አረቄውም፣ ከሰው ሕክምና የተረፈው የቴትራሳይክሊን እንክብልም ቫይረሱን አይነካውም፤ እንክብሉማ ያለ ባለሙያ ምክር ሲሰጥ ተሐዋስያን መድኃኒቱን እንዲለምዱ በማድረግ ለሰውም ይተርፋል። ያለን ዋናው መከላከያ ክትባት ነው።

በሽታው ወደ ግቢያችን የሚገባበትን መንገድ ብናውቅ ኖሮ ግማሹን ጉዳት እናስቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ቅዳሜ ገበያ ለበዓል ዋዜማ ዶሮ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል፤ ከመሸንቲ፣ ከአዴት፣ ከሐሙሲት በእግር ታስሮ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ፣ በቅርጫት ተጨናንቆ ይመጣና አንድ ቀን ሙሉ እርስ በርሱ ተነካክቶ ይውላል። ከዚያ የተገዛው ዶሮ እስከሚታረድበት ቀን ድረስ ከቤቱ ዶሮዎች ጋር ይለቀቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዋጋ አልተስማማኝም ብሎ ባለቤቱ ከገበያ ይዞት የሚመለሰው ዶሮ ነው፤ ሌላው የገበያው ዶሮ ተሸክሞት የመጣውን ሁሉ ይዞ ወደ መንጋው ይቀላቀላልና። የበዓል ዶሮ ለብቻው ታስሮ፣ በሌላ ጣሳ ውኃ እየተሰጠው ሊቆይ ይገባል። ለእርባታ የተገዛ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይለይ ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል የለበትም። እሱን የሚመግበው ሰውም መጀመሪያ የቤቶቹን ዶሮዎች መግቦ፣ እንግዳውን መጨረሻ ላይ ቢያደርገውና እጁን ቢታጠብ መልካም ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የፈንግል ክትባት በአገራችን ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ችግሩ ያለው እኛ ሰፈር ነው። ብልቃጡ አምስትና ስድስት ዶሮ ላላት እናት ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ በብዙ አሥርና በመቶ ለሚቆጠር መንጋ የሚበቃ ነው። አንዴ ተከፍቶ ከተበጠበጠ ደግሞ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ነዋሪው ለብቻው ሄዶ ሲጠይቅ ባለሙያው ለስድስት ዶሮ ብሎ አንድ ብልቃጥ ለመክፈት ይቸገራል፤ ነዋሪው ደግሞ ክትባት የለም ተባልኩ ብሎ ይመለሳል። እኔም እንዲህ ተብዬ የተመለስኩበት ጊዜ ነበር፤ በባለሙያው አልፈርድም። መፍትሔው ሰዎችን በማሰባሰብ ላይ ነው፤ ለመሰባሰብ ደግሞ ከእድር የተሻለ ድርጅት የለንም። በአንድ እድር ውስጥ ካሉ ቤቶች ዶሮ ያላቸው ሃያ ወይም ሠላሳ ቢገኙ ብልቃጡ ሳይባክን ያልቃል፤ የአንዱ ዶሮ ወጪም ኢምንት ይሆናል።

ቀኑን በተመለከተ ሐሳቤ ክትባቱ ከአጽዋማቱ መግቢያ ጋር እንዲያያዝ ነው። ፈንግልን የሚከላከለው ክትባት በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ መደገም አለበት፤ ይህን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የጾም መግቢያን ግን የማያውቅ የለም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ዐቢይ ጾም አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ይጀምራል፤ ጾመ ሐዋርያት ክረምቱ ሳይጠና ከጰራቅሊጦስ በኋላ ይከተላል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። አራቱን ብንቆጥር ከሞላ ጎደል የክትባቱን መርሐ ግብር እናገኛለን። ምክንያቱ የማስታወስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጾም ዶሮ አይታረድም፣ ዋጋውም ይወርዳል፣ ስለዚህ በየቤቱ ዶሮ ተከማችቶ የሚቆየው ያኔ ነው። ክትባቱ ከተሰጠ በኋላ ጥበቃው እስኪጠና አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ጾሙ ሲገባ የተከተበ ዶሮ ገናም ሆነ ፋሲካ ሲቃረብና ገበያው ሲጋጋል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያትም ከ40 ቀን በላይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ጊዜ እንፈልጋለን? ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዚያው ቀን ዶሮአቸውን ይዘው ቢመጡ ቀኑ የሰፈሩ ሁሉ ይሆናል፤ ያልተከተበ አንድ ግቢ መሐል ላይ ካለ በሽታውን አጥር አያግደውምና የሁሉም መምጣት ለሁሉም ይጠቅማል።

አሰጣጡ ከባድ አይደለም። ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋመው አይ-2 የተባለው ክትባት በዓይን አንድ ጠብታ ይሰጣል፤ ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም ልኩ ያው አንድ ጠብታ ነው። ጠብታው ዓይን ውስጥ ገብቶ ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ ድረስ ይዞ መቆየት ብቻ ነው። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ላሶታ የተባለው ሌላው የፈንግል ክትባት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቧንቧችን ውኃ ክሎሪን ስላለበት ክትባቱን ያበላሸዋል፤ በንጹሕ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ መበጥበጥ ይኖርበታል፤ ዶሮዎቹም አስቀድመው ሁለት ሰዓት ያህል ካልተጠሙ ሁሉም እኩል አይጠጡም። ለጓሮ መንጋ የዓይን ጠብታው ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። በየእድሩ ሁለት ሁለት ሴቶች ቢሠለጥኑ ባለሙያው ብልቃጡንና የበረዶ ሳጥኑን ይዞ ከመምጣት ያለፈ ድካም አይኖርበትም። ሥልጠናውን ለመስጠት አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ሆነ የዩኒቨርሲቲው የዘንዘልማ ግብርና ኮሌጅ ሩቅ አይደሉም። የታመመችን ዶሮ ክትባት እንደማያድናት ግን በግልጽ መነገር አለበት፤ በሽታ ከገባ በኋላ የተከተቡ ዶሮዎች ሲሞቱ ሕዝቡ ክትባቱ ገደላቸው እያለ ይሸሻልና።

እዚህ ላይ ከክትባቱ ጋር ተነጣጥሎ የማይታይ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የዶሮ ቤት ነው። ማንጎ ዛፍ ላይ የምታድር ዶሮ አትያዝም፤ ካልተያዘች አትከተብም። በብዙ ግቢ የክትባት ቀን የሚከሽፈው ዶሮዎቹ ጠዋት ተበትነው ሕፃናት ሲያሯሩጧቸው ስለሚውሉ ነው። ማታ በራቸው የሚዘጋ ከሆነ ግን ጎህ ሲቀድ አንድ በአንድ አውጥቶ ማስከተብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥሩ ቤት ውድ መሆን አያስፈልገውም። አንዲት ጎረቤቴ ለ12 ዶሮዎች ያሠራችው ቤት 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ዶሮ ማለት ነው፤ በምቹ ሁኔታ ያድራሉ። ማዕዘኑ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ በጭቃ ተመርጓል፤ ከዚያ በላይ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ሽቦ ተወጥሮበት አየር እንደ ልብ ይገባል። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው ጠባቡን ጎን ብቻ ነው፤ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት በቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚያደርግ ለምናውቀው ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከቆርቆሮው ሥር ደንገል አነጥፋበታለች። ወለሉ በድንጋይና በሸክላ አፈር ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል፤ ከተማችን ሜዳ በመሆኗ በሐምሌና በነሐሴ ውኃው የሚሄድበት ያጣልና። ወለሉ ላይ ከወረታ ሩዝ መፈተጊያዎች ያመጣችው የሩዝ ገለፈት ተነስንሷል፤ በየሳምንቱ ታገላብጠዋለች፣ የረጠበውን አውጥታ በደረቅ ትተካለች። የረጠበ ጉዝጓዝ በጫጩቶች ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን ኮክሲዲዮሲስ ያራባል። ጎንበስ ብለው ሲያሸቱት ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ መቀየሪያው አልፏል። ቆጦቹ የሚነቀሉ ናቸው፤ ቀን ቀን በስንጥቃቸው ተደብቀው ማታ ደም የሚመጥጡትን ጥቃቅን ተባዮች ለማጥፋት እያወጣች የፈላ ውኃ ታፈስባቸዋለች። ጥግ ላይ ዶሮዎቹ የሚንደባለሉበት አመድና አሸዋ አለ።

ሽቦው ጠባብ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው። ሸለምጥማጥ አንዲቱን ወስዶ አይሄድም፤ ከገባ ያገኛትን ሁሉ እየነከሰ ይጥላል። ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች ደግሞ ፋሮና አርጃኖ እንቁላልና ጫጩት ፍለጋ ይመጣሉ፤ ከሥር ቆፍረው እንዳይገቡ የግድግዳው መሠረት በድንጋይ ቢያዝ ይበጃል። ጭልፊት ቀን ነው የሚመጣው፤ ለእርሱ መፍትሔው ጫጩቶች እስኪጠነክሩ ድረስ ከቅርጫት ወይም ከሽቦ ሥር ማቆየት ነው።

ስለ ቀለብ ብዙ አልልም፤ ፉርሽካው፣ የበቆሎ ስባሪውና የኑግ ፋጉሎው በየገበያው አለ። በሐይቁ ዳር የሚጣለው የቀረሶና የአምባዛ ተረፈ ምርት ግን ያሳዝነኛል። በደንብ ተቀቅሎ፣ በፀሐይ ደርቆና ተወቅጦ ከቀለቡ አንድ አሥረኛ ሳይበልጥ ቢደባለቅ እንቁላል ለምትጥል ዶሮ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ጥሬውን መስጠት አይገባም፤ በሽታ ከማምጣቱም በላይ አሞራንና አባ ኮዳን ወደ ግቢ ይጠራል።

በመጨረሻም ሁለት ልመናዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ጫጩት ለሚያሠራጩ አካላት ነው፤ ጫጩት ከመስጠታቸው በፊት ተቀባዩ ቤት መሥራቱን በዓይናቸው ይዩ፤ ጫጩቶቹ እስከ 45 ቀናቸው የወሰዱት ክትባት ምን ምን እንደሆነና ቀጣዩ መቼ እንደሆነ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት አብሮ ይሰጥ። ቤት የሌለው ሰው ጫጩት ቢወስድ የሚመግበው ሸለምጥማጥን ነው። ሁለተኛው ለነዋሪው ነው፤ ፈንግል ሲገባ የታመሙትን ወደ ገበያ ማውጣት፣ የሞቱትንም በቦይና በሐይቁ ዳር መጣል እናቁም። የጎረቤትን መንጋ የሚጨርሰው ይህ ነው። የሞተ ዶሮ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት፣ ኖራ ወይም አመድ ተነስንሶበት ይቀበር፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም በዕለቱ ይነገር።

ጋዜጣችሁ ከእያንዳንዱ ጾም መግቢያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በየክፍለ ከተማው ክትባት የሚሰጥበትን ቦታና ቀን ከባለሙያዎቹ ጠይቆ በአንዲት ትንሽ ዓምድ ቢያወጣልን፣ የእድር ዳኞችም ያንኑ ለአባላት ቢያስነግሩ፣ ሥራው በመጪው ጾም ሊጀመር ይችላል። እኛ በሰፈራችን ዶሮ ያላቸውን ቤቶች መመዝገብ ጀምረናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሽምብጥ ነዋሪ፣ ባሕር ዳር