የአሉሚኒየም ሽቦ ላላቸው ቤቶች፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፦

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የቆየ ቤት ከገዙ ወገኖቻችን ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፤ «የቤት መርማሪው ሽቦው አሉሚኒየም ነው ብሎ ጽፏል፤ ምን ይሻለናል?»

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት መዳብ ስለተወደደ፣ አሜሪካ ውስጥ የብዙ ቤቶች የሶኬትና የመብራት መስመር በአሉሚኒየም ተዘረጋ። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ እምብዛም አያሰጋም። የሚያሰጋው ጫፉ፣ ከብሎን ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፤ ብሎን ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በዓመታት ውስጥ እስሩ ይላላል፤ የላላው ይግላል፤ የጋለው ይብስ ይላላል።

«ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር አለን» የምትሉን አላችሁ። ምጣዱን እንመልከት። 1500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ይስባል። ለባለ 15 አምፔር ብሬከር ይህ ከመጠን በላይ አይደለምና አይቆርጥም። የቤቱ እመቤት ሊጡን ጋግራ እስክትጨርስ ግን ያው ኃይል በላላው ብሎን ያልፋል፤ ከሶኬቱ ጀርባ ፕላስቲኩ ይጠቁራል። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲፈጠር የሚቆርጠው አዲሱ ብሬከር ይረዳል፤ ሳይበልጭ የሚግለውን እስር ግን ላያውቀው ይችላል።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንደሚለው፣ ከ1972 በፊት በተመረተ አሉሚኒየም ሽቦ የተዘረጋ ቤት ቢያንስ አንድ እስሩ እሳት ሊያስነሳ ወደሚችል ደረጃ የመድረስ ዕድሉ ከመዳብ ቤት 55 እጥፍ ይበልጣል። ኮሚሽኑ በዘላቂነት የሚቀበለው መላውን ሽቦ በመዳብ መቀየርን፣ አለበለዚያ በየጫፉ አጭር መዳብ መቀጠልን ነው፤ መቀጠያውም ወይ በልዩ መሣሪያ የሚጨፈለቀው ኮፓለም፣ ወይ ባለ ብሎኑ አሉሚኮን ነው። እኛ የምንሠራው በአሉሚኮን ነው። በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ በእጅ የሚጠመዘዘው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ቆብ ርካሽ ቢሆንም ኮሚሽኑ እንደ ዘላቂ ጥገና ስለማይቆጥረው አንገጥመውም።

ዋጋችን የሚከብደው እያንዳንዱ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የጣሪያ መብራትና በሳጥን ውስጥ የተደበቀ መገናኛ ሁሉ መከፈት ስላለበት ነው። ኩሽናውን ብቻ እንድንሠራ የሚጠይቁን አሉ፤ ግማሽ ቤት ሠርተን «ተጠግኗል» ብለን መፈረም አንችልም።

ከቆጣሪው የሚመጣው ወፍራም የአሉሚኒየም ገመድ አያስደንግጣችሁ፤ ዛሬም በአዳዲስ ቤቶች ይገባል። የሶኬት ሽፋን ሲነካ ከሞቀ፣ መብራት ያለ ምክንያት ከተርገበገበ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ግን የዚያን መስመር ብሬከር አጥፉና ሽፋኑን ሳትፈቱ ደውሉልን። ጭስ ካያችሁ ከቤት ውጡና መጀመሪያ 911 ደውሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ባለሙያዎች